የኬኔዲን ግድያ በሰማይ ሰንጠረዥ ማንበብ፦ ሰዓቱን ከማረጋገጥ እስከ መጨረሻው መስመር

የታወቀ ወንጀልን በኮከብ ቆጠራ ለማንበብ የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት ትርጓሜው ላይ ሳይሆን ገና ደጃፉ ላይ ነው። ሰዓቱን አሳስተው ያስገባሉ፤ የዘመን አቆጣጠር ያደባልቃሉ፤ ከዚያም በተሳሳተው ሰንጠረዥ ፊት ተቀምጠው «ግድያው ይኸው ቁልጭ ብሎ ይታያል» ይላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የተሳሳተ ሰንጠረዥም ግድያ መምሰሉ አይቀርም፤ አንባቢው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ስለ ንባብ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እጅን ስለ መሰብሰብ።

ለልምምድ የመረጥኩት የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የጆን ኤፍ ኬኔዲን ግድያ ነው። የተተኮሰበት ደቂቃና ቦታ ይታወቃል፤ የሟቹ የልደት ሰዓትም በሰፊው ይጠቀሳል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ የተሟሉለት ወንጀል ብዙ አይገኝም። ጀማሪ ከሆናችሁ ሰዓቱ የማይታወቅ ግድያ አትምረጡ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይያዝልኝ። ኮከብ ቆጠራ የምልክት ቋንቋ ነው፤ የወንጀል ምርመራ አይደለም። ገዳይ አያጋልጥም፣ ንጹሕ ሰውም ነጻ አያወጣም። ይህን መቀበል የሚከብደው ሰው ከዚህ በታች ያለውን ባይጀምረው ይሻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ በነጻ ሰንጠረዥ (በአንድ ደቂቃ ከአንድ ቦታ የሚታየውን ሰማይ የሚያሳይ ሥዕል) የሚያወጣ ድረ ገጽ ወይም ፕሮግራም፣ እንዲሁም ስለ ጉዳዩ የማትነግሩት አንድ ወዳጅ ያስፈልጋችኋል። ወዳጃችሁ በ7ኛው ደረጃ ላይ ይመጣል። ያለ እርሱ ሥራው ጎዶሎ ስለሚሆን ከወዲሁ ቀጠሮ ያዙ።

በስሞቹ ላይም እንስማማ። የ12ቱን ኮከቦች ስም እንደ አገራችን ልማድ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት እያልኩ እጠራለሁ። ፕላኔቶቹን ግን ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን እያልኩ በዘመኑ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ዩራነስ፣ ኔፕቱንና ፕሉቶ በጥንቱ ሐሳብ ውስጥ ስለሌሉ ስማቸው አንድ ወጥ እንዲሆን ብዬ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአገራችን ሐሳበ ከዋክብት የሰው ኮከብ የሚወጣው ከራሱና ከእናቱ ስም ፊደላት ቁጥር ነው። እዚህ የምንሠራው ግን ፕላኔቶቹ በዚያች ደቂቃ ከነበሩበት የሰማይ ቦታ ነው። ስሞቹ አንድ ቢሆኑም መንገዶቹ ሁለት ናቸው። ኬኔዲን በስሙ ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን ኮከብ እዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ አታስገቡ።

ደረጃ 1፦ የታሪኩን መዝገብ ለብቻው ጻፉ

ሰንጠረዡን ሳትከፍቱ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተረጋገጠውን ብቻ አስፍሩ። ይህን ያህል ይበቃል፦

እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963፣ ዓርብ፣ በዳላስ ሰዓት ከቀትር በኋላ 12፡30 ላይ በዲሊ ፕላዛ በኩል በሚያልፈው የፕሬዚዳንቱ መኪና ላይ ተተኮሰ። የቴክሳስ አገረ ገዥ ጆን ኮናሊ ቆሰለ። 1፡00 ላይ ኬኔዲ በፓርክላንድ ሆስፒታል መሞቱ ተረጋገጠ። 2፡38 ላይ ምክትሉ ሊንደን ጆንሰን በአውሮፕላን ውስጥ የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጸመ። በግድያው ተጠርጥሮ የተያዘው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ከ2 ቀን በኋላ በፖሊስ ጣቢያው ምድር ቤት በጃክ ሩቢ ተገደለ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀረ። በ1964 ግድያውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን ኦስዋልድ ብቻውን እንዳደረገው ደመደመ። በ1979 የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሴራ ሳይኖር እንዳልቀረ ተናገረ፤ ኮሚቴው የተመረኮዘበትን የድምፅ ማስረጃ ግን በ1982 የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም።

ገጹን እጠፉት። ከአሁን በኋላ ወደዚህ ገጽ የምትመለሱት በ8ኛው ደረጃ ብቻ ነው። ሰንጠረዡንና መዝገቡን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ የዚህ ሥራ ዋና በሽታ ነው፤ ዓይን የሚፈልገውን ይለቅማል።

ደረጃ 2፦ የትኛው ደቂቃ እንደሚነበብ ወስኑ

በአንድ ወንጀል ውስጥ ብዙ «ሰዓት» አለ። የተተኮሰበት፣ የሞተበት፣ ዜናው የተነገረበት፣ ሥልጣኑ የተላለፈበት። ደንቡ ይህ ነው፦ ድርጊቱን የምታነቡ ከሆነ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ደቂቃ ውሰዱ። የእኛ 12፡30 ነው። 2፡38 የሌላ ጥያቄ ሰንጠረዥ ነው፤ የአዲሱ ፕሬዚዳንት ዘመን ለሚነበብበት ሥራ ይቆይ።

ውሳኔውን ጻፉት፣ ከሥሩም ፈርሙ። ፊርማው ለይስሙላ አይደለም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የመረጠው ሰዓት ያሰበውን ሳያሳየው ሲቀር ወደ 1፡00፣ እርሱም እምቢ ሲለው ወደ 2፡38 ይሸሻል። ሦስት ሰዓት የሞከረ ሰው የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም፤ ያገኘው ግን የራሱን ምኞት ነው።

ደረጃ 3፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አስገቡ

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ስለሆነ ቀስ በሉ።

ቀን፦ ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው፤ 22/11/1963 ብላችሁ አስገቡ። በእኛ ዕለቱ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ነው። በዚያ ዓመት የእኛ አዲስ ዓመት የገባው እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ስለነበር፣ በእ.ኤ.አ. መስከረም 11 የለመዱ ሰዎች ሲመልሱ አንድ ቀን ይስታሉ። 1955 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት መሆኑን አስታውሱ።

ሰዓት፦ ከቀትር በኋላ 12፡30። ይህ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 6፡30 ነው። አንዳንዶች «6፡30» የሚለውን በአማርኛ ጽሑፍ ያነቡና እንዳለ ያስገቡታል፤ ሰንጠረዡ የንጋት ይሆናል። በአዲስ አበባ በዚያች ደቂቃ ከምሽቱ 3፡30 ነበር፤ እርሱንም አታስገቡ።

የሰዓት ክልል፦ ዳላስ በዚያ ወር ከግሪኒች 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች፤ የበጋ ሰዓት ለውጥ አልነበረም። በግሪኒች 18፡30 ይሆናል።

ቦታ፦ 32 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ሰሜን፣ 96 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ምዕራብ። «ምዕራብ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። እኛ በምሥራቅ ኬንትሮስ የለመድን ስለሆንን እጃችን ወደ ምሥራቅ ያደላል፤ 96 ምሥራቅ ብትሉ ወንጀሉን ቲቤት አካባቢ ፈጸማችሁት።

የዞዲያክ ዓይነት፦ ትሮፒካል (ኮከቦቹን ከወቅቶች መነሻ የሚቆጥረው) የሚለውን ምረጡ። የቤት አከፋፈል (ቤት ማለት ከሰንጠረዡ 12 ክፍሎች አንዱ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ አለው)፦ አንድ ኮከብ ሙሉውን አንድ ቤት የሚሆንበትን ምረጡ። ሌላው አከፋፈል ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ይህ ጥቂት ወጥመድ አለው።

ደረጃ 4፦ ሰንጠረዡ ትክክል መሆኑን በ4 ምልክት ፈትሹ

ምንም ነገር ከመተርጎማችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

1. ፀሐይ የት ናት? ከሰንጠረዡ አናት አጠገብ መሆን አለባት፤ ግድያው የተፈጸመው ከቀትር ጥቂት አለፍ ብሎ ነውና። በዐቅራብ የመጨረሻው ዲግሪ ላይ ታገኟታላችሁ፤ ወደ ቀውስ ለመግባት ጥቂት ሰዓታት ቀርተዋታል።

2. በምሥራቅ አድማስ የሚወጣው ኮከብ ማን ነው? ደለዊ፣ በ19ኛው ዲግሪ አካባቢ።

3. ሳተርን በደለዊ 17ኛ ዲግሪ አካባቢ፣ ጨረቃም እዚያው ደለዊ ውስጥ በአጠገቡ።

4. ዩራነስና ፕሉቶ ሁለቱም በሰንቡላ።

ካልተሳካ፦ ፀሐይ ከግርጌ ከተገኘች ቀትርን ከእኩለ ሌሊት አምታታችሁ። ፀሐይ በግራ በኩል ከአድማስ ልትወጣ ስትል ከታየች 6፡30 ብላችሁ አስገብታችኋል። ሳተርን ከደለዊ ወርዶ በጀዲ ከተገኘ ዞዲያኩ ትሮፒካል አይደለም፤ ሁሉም ነገር ከ23 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ፕላኔቶቹ ልክ ሆነው የሚወጣው ኮከብ ብቻ ከተሳሳተ ስህተቱ በኬንትሮሱ ወይም በሰዓት ክልሉ ላይ ነው። ጨረቃ ከሌላ ኮከብ ውስጥ ከተገኘች ቀኑ ተሳስቷል።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ይህን ሰንጠረዥ በዋሽንግተን ሰዓት አውጥቼ 4 ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ። የሚወጣው ኮከብ ያው ደለዊ ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም፤ ዲግሪው ግን ከ15 በላይ ስቶ ነበር፣ የጻፍኩትም ግማሹ በዲግሪው ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀሐይን ሳላይ ብዕር አላነሣም።

በዚያ ሰዓት በዳላስ የሚወጣው ዲግሪ በየ3 ደቂቃው ገደማ በአንድ ይገፋል። ስለዚህ ስለ መውጫው «በትክክል 19 ዲግሪ ከዚህን ያህል ደቂቃ» እያላችሁ አትራቀቁ። ኮከቡ ግን አስተማማኝ ነው፤ ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ደለዊ ደለዊ ሆኖ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ ቤቶቹን በቅደም ተከተል አንብቡ

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ፕሮግራሙ የሳለው ቀይ የደመቀ መስመር ስላያችሁ ብቻ ወደ እርሱ አትሩጡ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ አንዱ በሰማይ ያለው፣ ሌላው ልማዳዊ ትርጉሙ።

1ኛ ቤት (ድርጊቱ የደረሰበት አካል)፦ ደለዊ። ገዢው (በልማዱ ኮከቡ የተሰጠው ፕላኔት) ሳተርን ነው፤ እዚያው ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ጨረቃም አብራው አለች። በልማዱ ጨረቃ ሕዝብና አካል ናት፤ ሳተርን ሐዘን፣ ክብደትና ፍጻሜ ነው። እነዚህ ሁለቱ በሚወጣው ዲግሪ አጠገብ ተገናኝተው መገኘታቸው የዚህ ሰንጠረዥ እምብርት ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

7ኛ ቤት (ፊት ለፊት የሚቆም ባላጋራ)፦ አሰድ። ገዢው ፀሐይ ናት። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ በልማዱ የንጉሥና የመሪ ምልክት ናት፤ በዚህ ሰንጠረዥ ደግሞ የባላጋራው ቤት ገዢ ሆናለች። ታዲያ ፀሐይ ኬኔዲ ናት ወይስ ገዳዩ? መልሱ፦ ሁለቱን አታጣብቁ። በአንድ መስመር «ፀሐይ እንደ መሪ ምልክት»፣ በሌላ መስመር «ፀሐይ እንደ 7ኛ ቤት ገዢ» ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። አጣብቀው የሚያነቡ ሰዎች «ገዳዩ ከመንግሥት አናት ነው» ወደሚል ክስ ሲንሸራተቱ አይቻለሁ፤ ያ ክስ ከሰማይ የመጣ አይደለም፣ ሁለት ደንቦችን ካለመለየት የመጣ ነው።

8ኛ ቤት (ሞት)፦ ሰንቡላ፤ ዩራነስ በ10ኛ፣ ፕሉቶ በ14ኛ ዲግሪ አካባቢ። ዩራነስ ድንገተኛ መሰበር፣ ፕሉቶ ሥር ነቀል ለውጥ ይባላሉ። የቤቱ ገዢ ሜርኩሪ በቀውስ 10ኛ ዲግሪ አጠገብ ሆኖ ዩራነስን በ90 ዲግሪ ይመለከታል። ድንገተኛነት የሚለው ቃል እዚህ ቦታ አለው።

10ኛ ቤት (ሥልጣን)፦ ዐቅራብ፤ በውስጡ ፀሐይ በመጨረሻው ዲግሪ፣ ኔፕቱን በ16ኛው አካባቢ። የመጨረሻ ዲግሪ የምዕራፍ መዘጋት ነው። ኔፕቱን ጭጋግና ግራ መጋባት ነው። እዚህ ላይ ብዕራችሁ «ሴራ» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል፤ ያዙት። ኔፕቱን በዐቅራብ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቀመጣል።

11ኛ ቤት፦ ቀውስ፤ ማርስና ቬነስ ጎን ለጎን በ20ኛው አካባቢ። ቀውስ ማለት ቀስት ነው፣ ማርስ ብረትና እሳት ነው፤ ከሩቅ የተተኮሰ ጠመንጃ ለማለት እንዴት ይመቻል! አትጻፉት። ማርስ በዚያ ዓመት ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በቀውስ ውስጥ ነበር። በዓለም ዙሪያ 40 ቀን ሙሉ የሆነው ሁሉ በዚህ ማርስ ሥር ነው የሆነው።

የቀሩትን ቤቶች በአንድ በአንድ መስመር እለፏቸው። 12ኛውን ግን (ስውር ጠላት) ልብ በሉ፤ ጀዲ ነው፣ ገዢውም ያው ሳተርን ነው። የተጎጂው ቤትና የስውር ጠላቱ ቤት አንድ ገዢ አላቸው። ይህ በደለዊ በሚወጣ ሰንጠረዥ ሁሉ የሚሆን ነገር ስለሆነ አንድ መስመር ስጡት፤ አንድ ምዕራፍ አትስጡት።

ደረጃ 6፦ የሟቹን የልደት ሰንጠረዥ ደርቡበት

ኬኔዲ የተወለደው እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1917 በብሩክላይን፣ ማሳቹሴትስ ነው፤ የሚጠቀሰው ሰዓት ከቀትር በኋላ 3፡00፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የበጋ ሰዓት ለውጥ በአሜሪካ የተጀመረው በ1918 ስለሆነ ከግሪኒች 5 ሰዓት ወደ ኋላ ብላችሁ አስገቡ። ፕሮግራሙ 4 ካላችሁ በእጃችሁ አርሙት።

መፈተሻው፦ የሚወጣው ሚዛን፣ ፀሐይ በገውዝ 8ኛ ዲግሪ አካባቢ፣ ጨረቃ በሰንቡላ 17ኛ፣ ሳተርን በሸርጣን 27ኛ። በሠውር ውስጥ ማርስ፣ ሜርኩሪና ጁፒተር ተደርድረዋል፤ ሠውር ከሚዛን ሲቆጠር 8ኛ ቤት ነው።

አሁን ሁለቱን ሰንጠረዦች አስተያዩ፤ ከ3 ዲግሪ በላይ የሚራራቀውን ተዉት። የምታገኙት ይህን ይመስላል፦

የዕለቱ ሳተርን (ደለዊ 17) እና የዕለቱ ኔፕቱን (ዐቅራብ 16) ሁለቱም የልደቱን ማርስ (ሠውር 18) ይነኩታል፤ አንዱ በ90፣ ሌላው በ180 ዲግሪ። የዕለቱ ዩራነስና ሜርኩሪ የልደቱን ፀሐይ ይነኳታል። የዕለቱ ፕሉቶ ወደ ልደቱ ጨረቃ ተጠግቷል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ባለሙያዎች የሚያነሡት የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ከግድያው 4 ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1963፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ነበር፤ የሆነውም በሸርጣን 27ኛ ዲግሪ ላይ ነው። የኬኔዲ ሳተርን ያለበት ዲግሪ ነው፤ ቤቱም 10ኛው፣ የሥልጣኑ ቤት ነው። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደብተሩን ዘግቼ ወጥቼ ተራምጃለሁ። ዛሬም ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ ነጥብ እርሱ ነው። ቢሆንም በዚያው ዲግሪ ላይ ሳተርን ያላቸው ሰዎች በዚያ ሰሞን የተወለዱት ሁሉ ናቸው፤ ይህንንም ከጎኑ ጻፉት።

ካልተሳካ፦ የሚነካካው ነገር ከ10 መስመር በላይ ከሆነባችሁ የልዩነቱን ወሰን ወደ 2 ዲግሪ አጥብቡት። ምንም ካላገኛችሁ ደግሞ ወሰኑን አታስፉ፤ የልደት ሰዓቱን እንደገና ፈትሹ።

ደረጃ 7፦ በሐሰተኛ ሰንጠረዦች ፈትኑት

ይህን ደረጃ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሥራውን ሥራ የሚያሰኘው ግን እርሱ ነው።

1. በዚያው በዳላስ፣ በዚያው 12፡30፣ የሌሎች 4 ዓርቦችን ሰንጠረዥ አውጡ፦ ኅዳር 8፣ ኅዳር 15፣ ኅዳር 29 እና ታኅሣሥ 6 ቀን 1963 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)።

2. ከእውነተኛው ጋር 5 ይሆናሉ። ቀኑን ከሁሉም ላይ አጥፉ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብላችሁ ሰይሟቸው።

3. ለወዳጃችሁ ስጡት። ማን እንደሞተ፣ የትና መቼ እንደሆነ አትንገሩት፤ «ከእነዚህ በአንዱ አንድ መሪ ተገድሏል፤ የትኛው ይመስልሃል?» በሉት፣ ምክንያቱንም ይጻፍ።

4. ወዳጃችሁ ሲያነብ አጠገቡ አትቀመጡ። ፊታችሁ ይናገራል።

ወዳጃችሁ ቢስትም ቢያገኝም ራሳችሁ አምስቱን ስታነጻጽሩ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። ያ ያስደነገጣችሁ የሳተርን፣ የኔፕቱንና የልደት ማርስ ግንኙነት በአምስቱም ሰንጠረዦች ላይ አለ! እነዚህ ፕላኔቶች ዘገምተኛ ናቸው፤ በ4 ሳምንት የሚንቀሳቀሱት ከ2 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ዩራነስና ፕሉቶም እንዲሁ። ስለዚህ «ለምን በዚያ ዓርብ?» ለሚለው ጥያቄ ዘገምተኞቹ መልስ የላቸውም። የወቅቱን ጥላ ይናገሩ ይሆናል፤ የዕለቱን ግን አይናገሩም። ዕለቱን የሚለየው ፈጣኑ ነው፦ ጨረቃ፣ የሚወጣው ዲግሪ፣ ሜርኩሪ፣ የፀሐይ የመጨረሻ ዲግሪ። ጨረቃም ብትሆን ሳተርንን በየ27 ቀኑ ገደማ ትጎበኘዋለች።

ደብተራችሁን ክፈቱና እያንዳንዱን መስመር «ዘገምተኛ» ወይም «ፈጣን» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ትልቁን መደምደሚያ በዘገምተኛ መስመር ላይ ብቻ ያቆማችሁበትን ቦታ ሁሉ ሰርዙ። ያማል፤ ሰርዙት።

ሌላም ፈተና ጨምሩበት። በዚያው ዕለት ሲ ኤስ ሉዊስ በኦክስፎርድ፣ ኦልደስ ሃክስሌይ በሎስ አንጀለስ ሞተዋል፤ ሁለቱም በሕመም፣ ሁለቱም ከኬኔዲ ጥቂት ሰዓታት ወዲህና ወዲያ። ፕላኔቶቹ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። «ይህ ሰማይ የግፍ ግድያ ሰማይ ነው» ብላችሁ ከሆነ ለሁለቱ ደራስያን ምን ትላላችሁ? መልሳችሁን ጻፉ። መልስ ካጣችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ።

ደረጃ 8፦ ወደ መዝገቡ ተመለሱ

የታጠፈውን የመጀመሪያ ገጽ አሁን ክፈቱት። ከተረፉት መስመሮች እያንዳንዱን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩና ከሦስቱ አንዱን ጻፉበት፦ «ይስማማል»፣ «አይስማማም»፣ «መዝገቡ አይናገርም»።

«አይስማማም» የሚለውን መጻፍ አትፈሩ። ማስታወስ የሚገባን የጂን ዲክሰን ታሪክ ነው። ይህች የታወቀች አሜሪካዊት ትንቢተኛ በ1956 በአንድ መጽሔት ላይ በ1960 የሚመረጠው ፕሬዚዳንት ዴሞክራት እንደሚሆንና በሥልጣን ላይ ሳለ እንደሚሞት ተናግራ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይህን ያስታውሳል። በ1960 ደግሞ ምርጫውን የኬኔዲ ተፎካካሪ ኒክሰን እንደሚያሸንፍ ተናገረች፤ ይህን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ነው ታማኝነት።

የ20 ዓመቱ የጁፒተርና የሳተርን መገናኘትም እንዲሁ ነው። ከ1840 እስከ 1960 በየ20 ዓመቱ የተመረጡት 7 ፕሬዚዳንቶች ሁሉ በሥልጣን ላይ ሞተዋል፤ ከእነዚህ 4ቱ የተገደሉ ናቸው። በ1980 የተመረጠው ሬገን ግን በ1981 በጥይት ተመቶ ተረፈ፤ በ2000 የተመረጠውም ዘመኑን ጨርሶ ወጣ። «የዚያን ጊዜው መገናኘት በሚዛን ስለሆነ ነው» የሚል ማብራሪያ አለ። ማብራሪያው ከክስተቱ በኋላ የመጣ መሆኑን ከጎኑ ጻፉ።

«መዝገቡ አይናገርም» ያላችሁት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኔፕቱንን አይታችሁ በዋረን ኮሚሽንና በ1979ኙ ኮሚቴ መካከል ዳኛ አትሁኑ። ታሪክ ጸሐፊዎች ያልተስማሙበትን በኮከብ አትፍረዱ።

ደረጃ 9፦ የማይታለፉ ወሰኖች

ኦስዋልድ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 18 ቀን 1939 በኒው ኦርሊንስ ተወልዷል፤ ሰንጠረዡን ማውጣት ይቻላል። «ነፍሰ ገዳይ ሰንጠረዥ» ብሎ ማንበብ ግን አይገባም፤ በዚያ ዕለት የተወለዱ ልጆች ሁሉ ያንኑ ፀሐይ፣ ያንኑ ማርስ ይዘው አድገዋል። ዛሬ በሕይወት ያለን ሰው ስም በንባባችሁ ውስጥ አታስገቡ። ምርመራው ያላለቀ ወንጀል አታንብቡ፤ በተለይ በአገራችን ገና ቤተሰብ የሚያለቅስበትን። ሐዘን ቤት ተቀምጣ «ማን እንደገደለው ኮከቡ ይናገራል» የተባለች እናት የምትሆነውን አስቡ። ንባባችሁን ተከትሎ ጎረቤት ጎረቤቱን ቢጠረጥር ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

ልምምዱን በሌላ ወንጀል መቀጠል ከፈለጋችሁ የሊንከንን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ምሽት ከ10 ሰዓት በኋላ (በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ)፣ በዋሽንግተን። በዚያ ጊዜ የሰዓት ክልል የሚባል ስላልነበረ ፕሮግራሙን በአካባቢው የፀሐይ አማካይ ሰዓት ላይ አድርጉት። የቀረው ቅደም ተከተል ያው ነው።

የመጨረሻው መስመር

የተረፉትን መስመሮች ቁጠሩ። እኔ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ከ31 መስመር ጀምሬ 5 ቀርተውኛል። ከ8 በላይ ከቀራችሁ ወደ 7ኛው ደረጃ ተመለሱ። ምንም ካልቀራችሁ ደግሞ አትዘኑ፤ «ምንም አልቀረም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉና ደብተሩን ዝጉት። ከአንድ ወር በኋላ ክፈቱት፣ ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው እንደገና አውጡ፣ ፀሐይ ከአናት አጠገብ መሆኗን እዩ፣ ያን ጊዜም የምትስማሙባቸውን መስመሮች ብቻ በንጹሕ ገጽ ላይ ገልብጡ።